ዎርድ ሳይታዘዝ የሚሠራውን እንዴት ማስቆም ይቻላል?

ማይክሮሶፍት ዎርድ ላይ ማመልከቻ ስትጽፉ «1.» ብላችሁ ክፍተት ስትሰጡ ቁጥሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ኢንተር ስትነኩ ደግሞ ያልጠራችሁት «2.» ከች ይላል። ከአራት ገጽ የመጀመሪያው መሆኑን ለማመልከት 1/4 ብትጽፉ ተጨፍልቆ ¼ ይሆናል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ዎርድ ሲጫን ጀምሮ እንዲህ እንዲያደርግ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

በመጀመሪያ ለውጡ እንደታየ፣ ሌላ ፊደል ሳትጨምሩ፣ ኮንትሮልን ይዛችሁ ዜድን ንኩ። የሚሻረው ዎርድ የጨመረው ብቻ ነው፤ የጻፋችሁት አይነካም። ከዴሊት ቁልፍ ጋር ግብግብ መግጠም አያስፈልግም።

ለዘለቄታው ለማጥፋት ከፋይል ወደ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ወደ ፕሩፊንግ ሂዱና ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ የሚለውን ተጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ኦቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ የሚለውን ገጽ ምረጡ። ኦቶማቲክ ነምበርድ ሊስትስ፣ ኦቶማቲክ በለትድ ሊስትስ፣ ፍራክሽንስ እና ቦርደር ላይንስ ከሚሉት ፊት ያለውን ምልክት አንሥታችሁ ኦኬ በሉ። ተናድዳችሁ ሁሉንም ጠራርጋችሁ አታጥፉ። ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ጥምዝ የሚያደርገው፣ ለምሳሌ፣ ለኅትመት የሚጠቅም ነው።

ቦርደር ላይንስ የሚባለው ከሁሉም የከፋው ነው። ሦስት ሰረዝ ጽፋችሁ ኢንተር ስትነኩ ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ መስመር ይሠራል። በማውዝ ልትመርጡት ብትሞክሩ አይያዝም፣ በዴሊትም አይጠፋም፤ ምክንያቱም መስመሩ ጽሑፍ ሳይሆን ከበላዩ ያለው አንቀጽ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ጠቋሚውን እዚያ አንቀጽ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሆም ላይ ቦርደርስን ክፈቱ፣ ኖ ቦርደር የሚለውን ምረጡ።

ከድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ ቀለሙንና የፊደል መጠኑን ይዞ እንዳይመጣ፣ ስትለጥፉ ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ኪፕ ቴክስት ኦንሊ የሚለውን ተጠቀሙ። አማርኛው በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እየተመረመረ ቀይ ከተሰመረበት ደግሞ ጽሑፉን በሙሉ መርጣችሁ ሪቪው፣ ላንጉዌጅ፣ ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዌጅ ውስጥ የፊደል ምርመራው እንዲቀር እዘዙ።

የኦቶፎርማቱ ቅንብር የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ ላይ እንጂ በሰነዱ ውስጥ አይደለም። ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ጽሕፈት ቤት ብትሄዱ የዚያ ቤት ዎርድ እንደገና በራሱ ቁጥር መደርደሩ አይቀርም። እዚያ የሰው ኮምፒውተር ከመነካካት ኮንትሮልና ዜድ ይበቃሉ።