የወገብ ዲስክ በትንሽ ቀዳዳ ለማሠራት ላሰባችሁ

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። የሚያማችሁ ወገባችሁ ነው ወይስ እግራችሁ? ቀልድ አይደለም። በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራው የዲስክ ኦፕሬሽን ዋና ሥራው ከቦታው የወጣው ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ለስላሳ ትራስ) የተጫነውን ነርቭ ማላቀቅ ነው። ስለዚህ በደንብ የሚያስታግሰው ከዳሌ ተነስቶ፣ በታፋና በባት አድርጎ እስከ እግር ጣት የሚወርደውን ሕመም ነው። እግር ሳይነካ ወገብ ላይ ብቻ የሚከርም ሕመም ያለበት ሰው ከዚህ ኦፕሬሽን ያን ያህል አያተርፍም።

እኔ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ከተሠራሁ ወዲህ ግን ግማሹ ሰው ሱቄ የሚመጣው ብርድ ልብስ ፈልጎ አይመስለኝም። «እትዬ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ» ይልና የወገቡን ፊልም ባንኮኒው ላይ ይዘረጋዋል። ሐኪም አይደለሁም፣ ፊልም አላነብም። «በል በተረከዝህ ብቻ እስከ በሩ ሂድ» እላለሁ። «ስትመለስ ደግሞ በጣቶችህ ቆመህ።» በተረከዝ ሲሄድ የአንዱ እግር ፊት መሬት ላይ ጠብ ጠብ ካለ፣ ወይም በአንዱ እግር ጣት መቆም ካቃተው፣ ነርቩ ከማመም አልፎ ጡንቻውን ማድከም ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሰንበት እስኪያልፍ አይጠብቅም፤ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ቤታችሁ ሞክሩት።

ከዚህ የባሰም አለ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር ከከዳ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ያኔ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ያለበት የወገብ ሕመም ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እሱ በዲስክ ኦፕሬሽን አይድንም፤ ወራት የሚወሰድ መድኃኒት አለው። ከብት የምታረቡና ያልፈላ ወተት የምትጠጡም ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታም ወገብ ይይዛል።

ከነዚህ ውጭ የሆናችሁ ግን አትቸኩሉ። አብዛኛው የዲስክ መንሸራተት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ኦፕሬሽን ይለዝባል። የወጣው ቁራጭ ራሱ እየሟሸሸ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። እስከዚያው ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የቻሉትን ያህል መራመድ። አልጋ ላይ መዋል ከአንድ ሁለት ቀን አይለፍ። ወጌሻስ? ለወለምታ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አሉን፣ አልክድም። በተጫነ ነርቭ ላይ ግን ጀርባ አስረግጦ ማስጮህ አደጋ አለው። «ብርድ ገብቶብሽ ነው» የሚለውም ሰው አያልቅም። ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠን ብርድ ያልገባበት ማን አለ? ብርድ ጡንቻ ያስራል እንጂ ዲስክ አያወጣም።

ኤምአርአይ (ዲስኩንና ነርቩን የሚያሳየውን ፊልም) ስትነሱ የውጤቱን ወረቀት አይታችሁ አትደንግጡ። ምንም የማያመው የ50 ዓመት ሰው ቢነሳም ዲስኩ አብጦ ሊገኝ ይችላል። ቁም ነገሩ ፊልሙና ሕመሙ መግጠማቸው ነው። የሚያማችሁ ቀኝ እግር ሆኖ ፊልሙ የሚያሳየው ግራውን ከሆነ ጠይቁ። ቀዶ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ያዙ፤ የተጻፈው ውጤት ብቻውን አይበቃም። በማኅበረሰብ ጤና መድን የምትታከሙ ደግሞ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሮ ሪፈር እያጻፋችሁ ሂዱ። ደረጃውን ዘላችሁ አዲስ አበባ ከገባችሁ ወጪው በራሳችሁ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ሰው «በሌዘር ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሌዘር የሚባል ነገር የለበትም። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷችሁ በሆዳችሁ ትተኛላችሁ። የትኛው አጥንት እንደሆነ በራጅ ይረጋገጣል። ከዚያ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ቆዳ ትቀደድና ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱ ባንዱ ላይ እየሰፉ ይገባሉ። ጡንቻው አይቆረጥም፤ ክሩን ሳይበጥሱ በጋቢ መሃል ጣት እንደ ማሾለክ ነው። በመጨረሻዋ ቱቦ ውስጥ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ከአጥንቱ ጠርዝ ትንሽ ፍቀው፣ ነርቡን ገለል አድርገው የወጣችውን ቁራጭ ይለቅማሉ። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። በኢንዶስኮፕ ሲሆን ቀዳዳው ከ1 ሳንቲ ሜትር ያንሳል፤ የሚታየውም በካሜራ ነው። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይወጣል።

እዚህ ላይ የኔን ሐሳብ ልናገር። ለቀዳዳው ትንሽነት ብላችሁ ብቻ ብር አትጨምሩ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የሆላንድ ጥናት በቱቦ የተሠሩትንና በተለመደው አነስተኛ ቀዶ የተሠሩትን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ቱቦው ብልጫ አላሳየም። ጠባሳው በልብስ ይሸፈናል፤ ነርቡን ነክቶ የሚመለሰው እጅ ነው የሚመረጠው። ስለዚህ ፊት ለፊት ጠይቁ። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ሠርተዋል? የትኛውን ነርቭ ነው የሚያላቅቁልኝ? ቀዳዳው ካልበቃ ሰፋ አድርገው ይከፍታሉ? ኦፕሬሽኑን ባላደርግስ ምን ይመጣል? ጥያቄ የሚያስቆጣው ሐኪም ከገጠማችሁ ሌላ አማክሩ። ዲስኩ ተመልሶ ሊወጣ እንደሚችልም ቀድማችሁ እወቁት፤ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 15 ያህሉን ይገጥመዋል።

አስፒሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙ። ስኳር ያለበት ያስተካክል፣ ሲጋራ ያለበት ይተው። ከኦፕሬሽኑ በፊት የምግብና የውሃ ሰዓታችሁን ሐኪሙ ይነግራችኋል። «ትንሽ ቅመሽ፣ ጉልበት ይሆንሻል» የሚል ዘመድ አይጠፋምና አጥብቃችሁ ያዙ።

ስትነቁ የእግሩ ሕመም ብዙ ጊዜ ቶሎ ይለቃል። መደንዘዙ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። በዚያው ቀን ያስነሷችኋል። ከአልጋ አነሳስ ጥበብ አለው። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ትከሻና ዳሌ እኩል አድርጋችሁ በጎን ዙሩ፣ እግራችሁን ከአልጋው ጠርዝ አውርዱ፣ በዚያው ቅጽበት በክንዳችሁ መሬቱን ሳይሆን ፍራሹን ገፍታችሁ ቀና በሉ። ወገብ አይጠመዘዝም። ከመሠራታችሁ በፊት ቤት ተለማመዱት።

አዲስ አበባ ከተሠራችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጋቢና ያዙ፣ ወንበሩን ትንሽ አስተኙት። ሸኖ ላይ ሰው ቅቤ ሊገዛ ሲወርድ እናንተም ውረዱና ተራመዱ። ከከተማ ወጣ ያለ መንደር ያላችሁ፣ በተለይ ፒስታ መንገድ የሚጠብቃችሁ፣ ቁስሉ እስኪታይ ከተማ ዘመድ ጋ ብትቆዩ ደግ ነው።

ከባዱ ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማጎንበስ፣ መጠምዘዝ፣ ማንሳት የለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ባለ 5ቱም አይናቅም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት ለሌላ ይተው፤ ከፍ ያለ ወንበር አስገቡ። የመሬት ሽንት ቤት ያላችሁ መሃሉ የተቀደደ ወንበር አሠሩ፣ አናጢ ቶሎ ይሠራዋል። ስግደትም አለ። ጊዜው ዓቢይ ጾም ላይ ከዋለ የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ፤ የኔ አባት ሳልጨርስ ነው «ቆመሽ ጸልዪ» ያሉኝ። ጠያቂም ይጎርፋል። ለእያንዳንዱ ብድግ አትበሉ፤ ተቀምጦ መሳም ነውር አይደለም፣ ታማሚ ናችሁ።

ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ውሃ ወይም መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቆማችሁ ስትሄዱ ራስ ምታቱ ብሶ ስትተኙ የሚለቅ ከሆነ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። እግር እንደገና ከደከመ ደግሞ አትደሩ።

ወንበር ላይ ለሚሠራ ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊበቃው ይችላል። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ግን እስከ 3 ወር ይሄዳል። ገበሬ ከሆናችሁና ጥድፊያ የሌለው ኦፕሬሽን ከሆነ ቀኑን ከእርሻው ጋር አስሉት። ሰኔ ተሠርቶ ሐምሌ ሞፈር መጨበጥ አይቻልም። ወይ ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ አድርጉት፣ ወይ ደቦውን ከአሁኑ ለምኑ።