ከመኪና አደጋ የተረፈ ሰው ስናስታምም የምንሠራቸው ስህተቶች

ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከተገለበጠ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የቀኝ ጭኑ ተሰበረ። ሁለት የጎን አጥንቶቹም እንደዚያው። ጭኑ ላይ ብረት ገባለት። ዛሬ ይሄዳል፣ ሥራው ላይ ነው። ኳስ ግን አይጫወትም። ያተረፈው እግዚአብሔር ነው ብዬ አምናለሁ። ያቆሙት ደግሞ ሐኪሞቹና ቤተሰቡ ናቸው። ግን እውነቱን ልናገር፤ እኛ ቤተሰቦቹ ከፍቅር ብዛት ብዙ አጥፍተናል። አንዳንዱን በጊዜ አረምነው። አንዳንዱን እሱ ነው የከፈለበት። ዛሬም ሆስፒታል በር ላይ ምሳ ዕቃና ፌስታል ይዞ የሚሮጥ አስታማሚ ባየሁ ቁጥር ጠጋ ብዬ ልነግረው የሚያሰኘኝ ነገር አለ። እሱን ነው እዚህ የምጽፈው።

ጎትቶ አውጥቶ ባገኙት መኪና መጫን

አደጋ ሲደርስ የሚሰበሰበው ሰው ደግ ነው። ወንድሜን ያወጡት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ ውለታቸውን መቼም አልረሳም። ነገር ግን እጅና እግር ይዞ መጎተት፣ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ባጃጅ ውስጥ አጣጥፎ መጫን አንገቱ ወይም ጀርባው የተጎዳን ሰው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። መኪናው እሳት ካልያዘ፣ ሌላ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ፣ ባለበት አቆዩት። አንድ ሰው ጭንቅላቱንና አንገቱን እንዳይነቃነቅ ይያዝለት። ደም የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ማንሳቱ ግድ ከሆነ ጣውላ ወይም ቃሬዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ ብዙ ሆናችሁ፣ እኩል አንሱት። ውሃ አትስጡት፤ ጠማኝ ብሎ ቢለምናችሁም። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ራሱን ከሳተ ደግሞ ውሃው ወደ ሳንባው ይገባል።

ከሆስፒታል አስወጥቶ ወጌሻ ቤት መውሰድ

ይሄ ቤታችን ውስጥ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቷል። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ሲሉ አጎቴ ብድግ አለ። «ብረት ከገባበት ዕድሜ ልኩን አንካሳ ነው። እኔ የማውቀው ወጌሻ አለ፤ በወሩ ያስኬደዋል» አለ። እማዬ ልትስማማ ምንም አልቀራትም ነበር።

ወጌሻን መናቄ አይደለም። ወለምታ አሽተው ያዳኑኝ ሰው አሉ። ስብራት ግን ሌላ ነገር ነው። ችግሩ ያለው ማሰሩ ላይ ነው። የተሰበረ እጅና እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣል፤ ደም አይደርስም። ሥጋው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቁረጥ ነው።

ወንድሜ አጠገብ የተኛ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ከዛፍ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ስብራቱ ቀላል ነበር አሉ። ታሰረለት። እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች። «ሌሊቱን ሙሉ ፍቱልኝ ብሎ አለቀሰ። እኔ ወንድ ልጅ ነህ ጠንክር አልኩት።» ክንዱ ከክርኑ በታች የለም።

ስለዚህ የታሰረው በጨርቅ ይሁን በጀሶ ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ጣቶቹን ቀና ስታደርጉለት የሚያስጮኸው ከሆነ፣ ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ጀሶው በዚያው ሌሊት በሐኪም መቀደድ አለበት። የሰው ሕመም ሲብስ «ቻለው» ማለት እኛ ጋ እንደ ማጽናናት ነው የሚቆጠረው። እዚህ ላይ ግን ልጁን እመኑት።

ሽማግሌ ሲመጣ ቶሎ መፈረም

በሦስተኛው ሳምንት የሾፌሩ ቤተሰቦች ሽማግሌ ይዘው መጡ። ትሑት ሰዎች ነበሩ፤ እያለቀሱ ነው የገቡት። የሆነ ያህል ብር ይዘዋል፤ «ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀትም ይዘዋል። አባቴ የመለሰላቸውን እስካሁን አስታውሳለሁ። «ልጃችሁን ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅርታው ዛሬ ነው። ወረቀቱ ግን ሐኪሞቹ ጨርሰናል ሲሉ ነው።»

ልክ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ቁስሉ አመረቀዘና እንደገና ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። ፈርመን ቢሆን ኖሮ ያን ወጪ ከየት እናመጣው ነበር? ይቅር ማለትና ስለ ካሳ መፈራረም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው መጥቶ ሲንበረከክ ሁለቱን መለየት ይከብዳል፤ ቢሆንም ለዩዋቸው።

ወረቀት ሰብስቡ። የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ራጅ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይቀመጥ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና ደንግጓል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ላደረሰው የአካል ጉዳትም ካሳ የሚጠየቅበት ፈንድ አለ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ነው በሬውን ሸጦ የሚያሳክመው።

መርዶውን መደበቅ

ስለዚህኛው መጻፍ ይከብደኛል። ወንድሜ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው የልጅነት ጓደኛው እዚያው ቦታው ላይ አረፈ። እኛ ግን «ሌላ ሆስፒታል ነው የተኛው፤ ደህና ነው» አልነው። ሐሳቡ የሁላችንም ነበር። እንዳይደክም አልንና ደበቅነው፤ እስኪበረታ ብለን። አንድ ሳምንት ሁለት ሆነ። በጠየቀን ቁጥር ውሸቱን እናሳድገው ጀመር። «ሰላም ብሎሃል» እስከማለት ደረስን። እኔ ነኝ ያልኩት።

ያወቀው ከስልኩ ነው። የሆነ ሰው ፎቶውን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል። የጓደኛው ዐርባ የወጣበት ቀን ነበር። ክፍሉ ስገባ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣሪያውን ያያል። «እትዬ፣ ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለኝ። ሁለት ቀን ከማናችንም ጋር አልተነጋገረም።

ቀብሩ አመለጠው። ዐርባው አመለጠው። የጓደኛውን እናት ሄዶ ማየት ሲያፍር ወራት አለፉ። ከሁሉ የባሰው ግን እኛን ማመን መተዉ ነው። «ሐኪሙ እግርህ እየገጠመ ነው አለ» ስንለው «እውነት?» ብሎ ዓይን ዓይናችንን ያያል።

በድንጋጤው ሰዓት፣ ደም እየተሰጠው እያለ ይነገረው አላልኩም። ሐኪሙን ጠይቁ። ልቡ ሲረጋ፣ ራሱን በደንብ ሲያውቅ ግን ይነገረው። አባቶቻችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቁበታል። በጠዋት፣ የሚወደው ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ ቄሱ ወይም ሼኹ ባሉበት፣ ብቻውን ሳይሆን። ሥርዓቱ እጃችን ላይ ነበር፤ አልተጠቀምንበትም። ደግሞም እሱ ፊት ለፊት ከጠየቃችሁ አትዋሹት። «እሱን ነገር አባባ ሲመጣ እናወራዋለን» ማለት ከውሸት ይሻላል። ያን ጊዜ ግማሹን ራሱ ይረዳዋል።

ጥየቃውን አለመቆጣጠር

ጠያቂ በረከት ነው። ግን ሃያ ሰው አንድ አልጋ ሲከብ፣ አልጋው ላይ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዱ «እስቲ እንዴት ነበር?» እያለ አደጋውን እንደ አዲስ ሲያስተርከው ሰውየው ይደክማል። «የእኛ ሰፈር ልጅም እንዲህ ሆኖ ሞተ» የሚልም አይጠፋም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በር ላይ ይቁም። አክብሮ ያስገባ፣ አክብሮ ይሸኝ። እኛ ጋ ይህን ሥራ የያዘችው አክስቴ ነበረች። ማንም አልተቀየማትም።

እምነትን መድኃኒት ማስጣያ ማድረግ

እማዬ በየሳምንቱ ጸበል ታመጣለች። እሱም ያምንበታል፣ ይጠጣል፣ ሰላም ያገኝበታል። የተሳሳትነው ጸበሉ ላይ አይደለም። አንድ ቀን የሚያውቁን ሰው መጥተው «በጸበል ከተጠመቀ ኪኒኑ ምን ያደርጋል? እምነት ማነስ ነው» አሉ። ወንድሜ አንቲባዮቲኩን በአራተኛው ቀን ተወው። ከላይ ያልኩት ማመርቀዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜም ተነሥቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልንና መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። የኛ የንስሐ አባትም ያሉት ይህንኑ ነው። ያልዳነ ቁስልና ጀሶ ደግሞ ውሃ መንካት የለበትም። ይጠጣ፣ ፊቱን ይታጠብ፤ መጠመቁን ቁስሉ ሲደርቅ ያደርሰዋል። ጭንቅላቱ ተጎድቶ የሚጥል በሽታ መከላከያ የታዘዘለት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ በድንገት ማቆም የለበትም። አደገኛ ነው።

ጾምም አለ። ፍልሰታ የገባው ወንድሜ ገና ተኝቶ እያለ ነበር። አልበላም አለ። አጥንትና ቁስል የሚጠገነው በምግብ ነው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ያስፈልገዋል። የንስሐ አባቱ ራሳቸው መጥተው «ጾምህ ሕመምህ ነው፤ ብላ» አሉት። ከእኛ አፍ አልሰማም፤ ከሳቸው ሰማ። ሙስሊም ጎረቤታችንም ሕመምተኛ ረመዳንን ትቶ ሲድን እንደሚያወጣው አጫወተችን። እናንተ ከምትከራከሩት የሃይማኖት አባቱን ጥሩለት።

«አመስግን» እያሉ እንባውን መዝጋት

ቤት ከገባ በኋላ ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል። የከባድ መኪና ጡሩምባ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል። «እሱ ሞቶ እኔ ለምን ቀረሁ?» ይላል። እኛም ቶሎ ብለን «ተው፣ ተመስገን በል፤ ስንቱ አልቋል» እንለዋለን። ከጊዜ በኋላ ከእኛ ጋር ማውራት አቆመ። የተሻለው መስሎን ደስ አለን።

ንጉሥ ዳዊትም አልጋው ላይ አልቅሷል፤ እግዚአብሔርንም አልካደም። ሰው እያለቀሰ ማመስገን ይችላል። ዝም ብላችሁ ስሙት። ቅዠቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና መኪና መፍራቱ ከወር ካለፈ፣ ወይም መሞትን ካነሳ፣ የአእምሮ ሐኪም ያስፈልገዋል። «ሰው አማኑኤል ገባ ይለናል» ብለን ሦስት ወር አባከንን። የአእምሮ ሕክምና በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ይሰጣል።

ሁሉን ነገር ልሥራልህ ማለት

እማዬ ታጎርሰው ነበር። ሁለቱም እጆቹ ደህና ናቸው። ውሃ ታቀርብለታለች፣ ፀጉሩን ታበጥራለች፣ ልነሣ ሲል «የኔ ጌታ፣ ተኛ» ትላለች። ፊዚዮቴራፒስቷ ስትመጣ የታመመው እግር ከደህናው ምን ያህል እንደቀጠነ በሜትር ለክታ አሳየችን። እማዬ ሜትሩን ተቀብላ ራሷ ደግማ ለካችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክራንቹን እሷ ነች የምታቀብለው።

የጭን አጥንት እስኪገጥም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ መተኛት ግን ጡንቻ ያሟሽሻል፣ መገጣጠሚያ ያደርቃል፣ ደም ያረጋል። እግሩን መቼና ምን ያህል መርገጥ እንዳለበት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ቀድሞ መርገጥም ብረቱን ሊሰብር ይችላል። ፈጽሞ መነሣት የማይችለውን በየ2 ሰዓቱ አገላብጡት፤ አለበለዚያ ጀርባው ይቆስላል። ባቱ በድንገት ካበጠ፣ ወይም ደረቱን ወግቶት ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አስታማሚውንም አትርሱ። አንድ ሰው ላይ አትጣሉት። ታናሽ እህቴ ወለል ላይ አንጥፋ ሰባት ሌሊት በተከታታይ ካደረች በኋላ የመድኃኒት ሰዓት ተምታታባት። ከዚያ ነው ተራ ያወጣነው።

ስለቱን ለማድረስ መቸኮል

እማዬ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላ ነበር። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ወንድሜ አደጋው ከደረሰበት ገና አምስት ወሩ ነው። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ክራንች ይዞ! «ስለት አይቆይም» አለች። የንስሐ አባታችን «ገብርኤል ይጠብቃል፤ ልጁ ይዳን» ብለው ገላገሉን።

በዓመቱ ሄድን። ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያው ረጅም መንገዱ ነበር። ከፊት ወንበር አልቀመጥም አለ። ሦስት ጊዜ «አቁሙልኝ» ብሎ ወረደ፤ አየር ወሰደ፣ ተመለሰ። ማንም ቶሎ በል አላለውም። እማዬ ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ በሩን ከፍታ ትጠብቀው ነበር።