አሜሪካ ገብቶ አብራሪ ለመሆን፦ በጦሩ ወይስ በሲቪሉ በኩል?

በዲቪም ሆነ በስደተኝነት አሜሪካ የገባ ወጣት አብራሪ መሆን እንደሚፈልግ ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ወታደር ቤት ግባ፣ በነጻ ያስተምሩሃል» የሚል ነው። መካሪዎቹ ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን ጉዳዩን ሳያጣራ የፈረመ ልጅ ዓመታት ሊያልፉበት ይችላሉ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በአሜሪካ ጦር መቀጠር ይችላል፤ የሚቀጠረው ግን በተራ ወታደርነት ነው። የአየር ኃይልና የባሕር ኃይል አብራሪዎች መኮንኖች ናቸው። መኮንን ለመሆን ደግሞ የአሜሪካ ዜግነትና የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። የምድር ጦሩ የሄሊኮፕተር አብራሪዎችን ያለ ዲግሪም ይቀበላል፤ ዜግነት ግን እሱም ይጠይቃል። ስለዚህ መልማዩ «አንዴ ከገባህ በኋላ ትበራለህ» ካላችሁ፣ የምትመደቡበት ሙያ በውሉ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ሳታነቡ አትፈርሙ።

መቀጠሩ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። በጦሩ የሚያገለግል ሰው ሌላው የሚጠብቀውን አምስት ዓመት ሳይጠብቅ ለዜግነት ማመልከት ይችላል፤ የትምህርት ድጋፍም ያገኛል። በአውሮፕላን ጥገና ከተመደበ የሚያገኘው ልምድ ለሲቪል የጥገና ፈቃድ ይቆጠርለታል። በኋላ ዲግሪውን ይዞ ለመኮንንነት ቢያመለክት መንገዱ ክፍት ነው፤ የዕድሜ ገደቡን ግን አስቀድሞ ማስላት አለበት። አየር ኃይሉ አብራሪ አድርጎ ካሠለጠነው በኋላ 10 ዓመት እንዲያገለግል ያስገድደዋል። ይህ ለቤተሰብ የሚተርፍ ውሳኔ ነው፤ ትዳር ያለው ሰው ብቻውን አይወስነው።

በሲቪሉ በኩል ዜግነት ግዴታ አይደለም። ሆኖም ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደርን የደኅንነት ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ነው፦ ለግል አብራሪነት ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት፣ በክፍያ ለማብረር በተለመደው መንገድ 250፣ ለአየር መንገድ ደግሞ 1,500። የመጨረሻው ቁጥር የመጣው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ቡፋሎ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከወደቀ በኋላ በወጣ ሕግ ነው። ከጦሩ ለሚመጣ አብራሪ 750 ሰዓት ይበቃዋል፤ ከተፈቀደላቸው ኮሌጆች በአቪዬሽን ዲግሪ የያዘ ደግሞ በ1,000 ሊገባ ይችላል። ሌላው ሰው ቀሪውን ሰዓት የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ የበረራ አስተማሪ ሆኖ እየሠራ ነው።

ዋናው ፈተና ገንዘብ ነው። ፈጣን የተባለው ሥልጠና ብዙ ጊዜ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይጠጋል ወይም ያልፋል። አዲስ የመጣ ሰው የብድር ታሪክ ስለሌለው አበዳሪው ዋስ ይጠይቀዋል፤ ዋስ የሚሆነው ደግሞ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ቤቱን የሚከፍል አጎት ወይም እንግዳ ተቀብላ ያሳደረች አክስት ናት። ልጁ ሥልጠናውን ባይጨርስ ዕዳው የሚወድቀው እነርሱ ላይ ነው። ዘመድን በዚህ መጠን ዕዳ ውስጥ ከማስገባት እየሠሩ በየሰዓቱ እየከፈሉ መብረር ይሻላል፤ ቢዘገይም። የሥልጠናውን ክፍያ በሙሉ በቅድሚያ ለሚጠይቅ ትምህርት ቤት አትክፈሉ፤ ቢዘጋ ገንዘቡን ማስመለስ ከባድ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ እውቅና ባለው ኮሌጅ በኩል ከገባ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ሊያመለክት ይችላል፤ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ በቀጥታ ወደ ውድ የግል ብድር ይሄዳሉ።

በየትኛውም በኩል ብትሄዱ አንድ ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት የጤና ምርመራውን አድርጉ። ለአየር መንገድ የሚጠየቀውን አንደኛ ደረጃ የጤና ማረጋገጫ የሚሰጠው ለዚህ የተፈቀደለት ሐኪም ነው። የዓይን፣ የቀለም መለየት ወይም የልብ ችግር ካለ ቀድሞ መታወቅ አለበት። በቅጹ ላይ ያለፈ ሕመምን መደበቅ ፈቃድ ያስነጥቃል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ገና በሃያ ዓመት አካባቢ ያለና ለአገልግሎት ፈቃደኛ የሆነ ልጅ ኮሌጅ ይግባ፤ ዲግሪውም ዜግነቱም በተቀራራቢ ጊዜ ይደርሱለታልና ያኔ በመኮንንነት ያመልክት። ሠላሳን ያለፈና ልጆች የሚያሳድግ ሰው ግን ጦሩን አይጠብቅ፤ በሲቪሉ በኩል ቀስ ብሎ ይጀምር። በአየር መንገድ እስከ 65 ዓመት ማብረር ስለሚቻል ጊዜ አለው።

አገር ቤት አብራሪ የነበራችሁ ደግሞ የበረራ መዝገባችሁንና ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ኑ። በኢትዮጵያ የበረራችሁት ሰዓት በአግባቡ ከተመዘገበ እዚህም ይቆጠራል፤ በፈቃዳችሁ መሠረትም የግል አብራሪ ፈቃድ ማግኘት ይቻላል። የሙያ ፈቃዱን ግን በአሜሪካ ፈተና እንደገና ማግኘት ይኖርባችኋል።