ማታ ደህና፣ ጠዋት ስንጥቅ፦ ትንንሽ የመርከብ ምስል ለምትቀርጹ

ድሬዳዋ ቁጭ ብሎ መርከብ የሚሠራ ሰው ጠያቂ አያጣም። «አቦ፣ ባሕሩ የታለና?» ይሉኛል የሰፈር ልጆች። ባሕሩ ጅቡቲ ነው። እኔ የምሠራው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሞዴል ነው። ከሥራው ሁሉ ላቤን የምታወጣው ደግሞ ከመርከቡ አፍንጫ ሥር የምትቆመው ምስል ናት። የድሮ የሸራ መርከቦች ግንባራቸው ላይ ሴት ወይም አንበሳ አስቀርጸው ነበር የሚሄዱት። እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ የሰጠመችው ቫሳ አንበሳ ነበራት። በ1869 ባሕር የገባችው ከቲ ሳርክ ደግሞ የፈረስ ጭራ የጨበጠች ሴት አላት።

እውነተኛው መርከብ ላይ ያለችው ምስል 2.4 ሜትር ብትሆን በ1 ለ64 ስትቀንስ 37.5 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ጭንቅላቷ 5 ሚሊ ብቻ። እዚህ ላይ ስህተት መደበቂያ የለውም። ደግሞ ጥፋቱ የሚታየው አንድ ቦታ ነው፤ የሚጀምረው ሌላ ቦታ። ስለዚህ ምላጩን ከመርገማችሁ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ማታ ደህና የነበረው እንጨት ጠዋት ተሰንጥቆ ይገኛል

ይሄ የድሬ በሽታ ነው። እኔ የምወደው እንጨት ቡና ነው። በሐረርጌ ደጋ ያረጀ ቡና ሲጎነደል ግንዱ ለማገዶ ይሄዳል። ጠንካራና ነጣ ያለ ነው፤ ቃጫው ደቃቅ ስለሆነ ትንሽ ፊት ይወጣበታል። የብርቱካንና የሎሚ እንጨትም እንደዚሁ። ዋንዛ ለቁም ሳጥን እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ምስሏ ፈንጣጣ የወጣባት ትመስላለች።

ችግሩ ቡናው እርጥብ ሆኖ ከሐረር በደንገጎ በኩል ቁልቁል ሲመጣ ነው። ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። ከቀዝቃዛው ወደ ደረቁ ሙቀት በአንዴ ይወርዳል። ውሃው ቶሎ የሚወጣው በተቆረጡት ጫፎች በኩል ነው። ጫፉ ደርቆ ሲኮማተር መሃሉ ገና እርጥብ ነው፤ እንጨቱ በዚህ መሃል ይቀደዳል። ክብ ግንድ ከነልቡ ከተተወ ደግሞ መሰንጠቁ አይቀርም። ዙሪያውን የሚኮማተረው ወደ ልቡ ከሚኮማተረው ይበልጣልና።

መፍትሔው ግንዱ እንደመጣ ለሁለት መሰንጠቅና ልቡን ማውጣት ነው። ከዚያ ሻማ አቅልጣችሁ ሁለቱን ጫፎች ንከሩ። በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ማዳበሪያ ውስጥ አድርጉና አልጋ ሥር አስገቡት። ፌስታል ውስጥ እንዳታሽጉት፣ ይሻግታል። በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ወራት ይፈጃል። እኔ አንዴ አልታገሥ ብዬ ሦስት ቀን የደከምኩባትን ሴት መስኮት ላይ አሳደርኳት። ጠዋት ሳያት ከአናቷ እስከ ወገቧ ተከፍላለች።

የተሰነጠቀውን በስቱኮ መድፈን አይረባም፤ ቀለም ሲነካው ጎልቶ ይታያል። ስንጥቁ ቀጭን ከሆነ ከዚያው እንጨት ስስ ስንጣሪ አውጥታችሁ በኮላ አስገቡበት፣ ሲደርቅ ላጉት። እስከ ውስጥ ከዘለቀ ግን ተዉት። ክንድ ይወጣዋል።

ክንዷ ወይም ጣቷ እየተሰበረ ያስቸግራል

ቃጫው ከራሷ ወደ እግሯ ነው የሚሮጠው። ወደ ፊት የዘረጋችው ክንድ ግን ቃጫውን ያቋርጣል። ለምን እንደሚሰበር ማገዶ የፈለጠ ሰው ያውቀዋል። ክንዱን ለብቻው፣ ቃጫው በርዝመቱ እንዲሄድ አድርጋችሁ ቅረጹ። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ቀዳዳ በስታችሁ በቀጭን የመዳብ ሽቦና በኮላ ግጠሙት። ነውር የለውም፤ የትልልቆቹ መርከቦች ቀራጮችም ቁራጭ እያገጣጠሙ ነበር የሚሠሩት።

እንጨቱ በመቆረጥ ፈንታ ይቦጫጨቃል

ወይ መሣሪያው ደንዟል፣ ወይ ከቃጫው በተቃራኒ እየሄዳችሁ ነው። ለመለየት ቁራጭ እንጨት ጫፉ ላይ፣ ቃጫውን አቋርጣችሁ ቁረጡ። የተቆረጠው ቦታ ካንጸባረቀ መሣሪያው ደህና ነው፤ አቅጣጫ ቀይሩ። ከተፈረፈረ ሳሉት። ከተሳለ በኋላ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ ጥቂት ጊዜ አሹት። ሰው ይህንን ይዘላል፤ ልዩነቱ ግን የትየለሌ ነው።

ለትንሹ ጉድጓድ የሚሆን መሮ ገበያ ላይ አታገኙም። እኔ የምሠራው ከተሰበረ የስፌት መኪና መርፌ ነው። ሐረር ጀጎል ከገባችሁ መኪና ግርግር ሂዱ። ስሙ የወጣው ከስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ ነው፤ የተሰበረ መርፌ ደግሞ እዚያ አይጠፋም። ጫፉን እንደ መሮ ሞርዱና እንጨት እጀታ ውስጥ ትከሉት። ስትሞርዱ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ጠፍቷል።

ፊቷ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ይሆናል

ከዓይን ስለጀመራችሁ ነው። ሁላችንም ከዓይን እንጀምራለን፣ ዓይን ያጓጓላ። ነገር ግን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ዓይን ስትስሉ ፊቱ እዚያው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ባለ አራት ማዕዘን እንጨት ውሰዱና ጠርዙን አፍንጫ አድርጉት። ጎኑን ሳይሆን ጠርዙን። ያኔ ጉንጮቹ በራሳቸው ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ግማሹ ሥራ አለቀ። ቀጥሎ አፍንጫውን እንደ ሽብልቅ አውጡ፣ ከዚያ የዓይን ጉድጓዱን፣ ከዚያ አገጩን። የዓይኖቹ ቦታ ከአገጭ እስከ አናት ካለው ልክ እኩሌታው ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ ወደ ላይ ይሰቅላቸውና ግንባር የሌላት ሴት ይሠራል።

5 ሚሊ ጭንቅላት ላይ አንድ ዓይን 0.7 ሚሊ ገደማ ነው። ብሌን ልቅረጽ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ጉድጓዱን ከሚገባው ትንሽ ጠለቅ አድርጉት፤ ጥላው ዓይን ይሆንላችኋል። ስትሠሩ መብራቱ አንድ ብቻ ይሁን፣ ከጎን ይምጣ። ፊቷ የተጣመመ ከመሰላችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና ምስሉን ግራ ቀኝ ገልብጡት። ዓይናችሁ የለመደውን ጥመት ያኔ ያየዋል።

መርከቡ ላይ ስትገጠም ታች ታች ታያለች

ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ስለተቀረጸች ነው። የመርከቡ ግንባር ግን ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። ከመጀመሪያው የግንባሩን ቅርጽ በጫማ ካርቶን ቆርጣችሁ ያዙ። እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን ሳለ ከጀርባው መግጠሚያውን አውጡ፤ ሴትዮዋ በኋላ ትመጣለች። ከእግሯ በታች 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ፣ ሞርሳው እሱን ይይዛል። ከተቀረጸች በኋላ ከሆነ የባነናችሁት፣ ብርጭቆ ወረቀት ግንባሩ ላይ ጠቅልሉና ጀርባዋን እዚያው ላይ እሹ። እየተላገ ልኩን ይይዛል።

ቀለም ሲነካት ፊቷ ይጠፋል

ቀለሙ ወፍሮ ነው። በድሬ ሙቀት ብሩሹ ላይ እያለ ይደርቃል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ያመጣል። በጠዋት ቀቡ። አንድ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ቀጭን ይሻላል። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ከሆነ ቃጫው እንደ ጢም ይቆማል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በእርጥብ ጨርቅ ንኳት፣ ሲደርቅ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሹ። የዘይት ቀለም ወፍሮባችሁ ከሆነ፣ ሳይደርቅ በቲነርና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ወርቃማውን ቀለም ከወደዳችሁት ለቀሚሷ ጠርዝና ለጠጉሯ ብቻ አድርጉት። ፊቷን እንጨቱን ተዉላት፣ የቡና እንጨት ከሆነማ በቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ያምራል።