የአማርኛ ርዕሱ ባዶ ሳጥን ሲሆን ምን አደረግኩ?

ባሕር ዳር ላይ ለሠራነው የተማሪዎች አጭር ፊልም ፖስተርና የአንድ ገጽ የፊልም ግምገማ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። የፖስተሩ ፎቶ ማለዳ ጣና ላይ የተነሳ ታንኳ ነው። ላፕቶፔ ላይ በጣም ያምራል። ፋይሉ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን ርዕሱ በሙሉ የባዶ ሳጥን ረድፍ ሆኖ ቁጭ አለ!

ምክንያቱ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ የእኔ ፎንት (የተጠቀምኩበት የፊደል ዓይነት) ስላልተጫነ ነው። ፖስተሩን በሠራሁበት የዲዛይን ፕሮግራም፣ ኢንክስኬፕ ላይ ጽሑፉን መርጬ፣ ፓዝ ከሚለው ሜኑ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ»ን ነካሁ። ፊደሉ ወደ ቅርጽ ስለሚቀየር የትም ቢከፈት አይበላሽም። ከዚያ በኋላ ግን የፊደል ስህተት ማረም አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ኮፒ አስቀምጡ፤ ይህን አደራ እላለሁ። ለማተሚያ ቤቱ የሰጠሁት ፒዲኤፉን ነው።

ቀለሙም አስቸግሮ ነበር። ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ስለሚሠራ የሐይቁ ሰማያዊ ጠቆር ብሎ ወጣ። ፎቶውን ትንሽ አፈካሁትና ኤ4 ላይ ሙከራ አሳተምኩ። ትልቁ የኤ3 ፖስተር ከዚያ በኋላ ታተመ።

ግምገማው ላይ ያስቸገረኝ ዓምዱ ነው። በሦስት ጠባብ ዓምድ ግራና ቀኙን እኩል ሳደርገው፣ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ በየመስመሩ በቃላቱ መሃል ሰፊ ክፍተት ተፈጠረ። ዓምዱን ሁለት አደረግኩት፤ ጽሑፉን በግራ ብቻ አሰለፍኩት። የመስመር ርቀቱንም ሰፋ አደረግኩት። አሁን ዓይን ሳይደክም ይነበባል።