ሃሚንግበርድን ከፖርሴሊን መሥራት፦ ከትከሻዋ ጀምሩ

መጀመሪያ ጭቃውን ተዉትና ወፏን እዩ። ሃሚንግበርድ የምትገኘው በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው። ከ300 በላይ ዝርያ ያላት ሲሆን፣ የኩባዋ ንብ ሃሚንግበርድ ክብደቷ ወደ 2 ግራም ብቻ ነው። ዝግ ተደርጎ የተቀረጸ ቪዲዮ ፈልጉና ክንፏን ደጋግማችሁ ተመልከቱ። እንደ ርግብ ክንፍ ሲወጣ እየታጠፈ፣ ሲወርድ እየተዘረጋ አይሄድም፤ ከትከሻው ነው የሚዞረው፣ አየሩ ላይም የተጋደመ የ8 ቁጥር ቅርጽ ይሠራል። አበባ ፊት ቀጥ ብላ የምትቆመው፣ የኋሊትም የምትበረው በዚህ ነው። ብዙ ጀማሪ የርግብ ክንፍ ሠርቶ ሃሚንግበርድ ላይ ይገጥማል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

አሁን ወደ ጭቃው። ፖርሴሊን ካኦሊን፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ የሚባሉ ማዕድናት ያሉበት ነጭ ጭቃ ነው፤ ሲደርቅና ሲተኮስ በደንብ ይኮማተራል። ጭቃችሁ 13 በመቶ የሚኮማተር ከሆነና ያለቀላት ወፍ 9 ሴንቲ ሜትር እንድትሆን ከፈለጋችሁ፣ ስትሠሯት ወደ 10.3 አድርጓት። ሰውነቷን ድቡልቡል አድርጋችሁ ሥሩ፣ ጠንከር ሲል ለሁለት ቁረጡት፣ ውስጡን ፈልፍላችሁ መልሳችሁ ግጠሙት። ከሥር በመርፌ ብሱት፤ የታፈነ እንፋሎት እቶን ውስጥ ያፈነዳዋል።

ክንፉን ስትለጥፉ ሁለቱንም ፊት ጫር ጫር አድርጉና ያንኑ ጭቃ በውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት። እርጥበታቸው የግድ እኩል መሆን አለበት። እኔ አንዴ ቸኩዬ ደረቅ ያለ ክንፍ እርጥብ ትከሻ ላይ ለጠፍኩ፤ ጠዋት ስመለስ መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ፣ ነካ ሳደርገው ክንፉ እጄ ላይ ቀረ። ስሱ ቀድሞ ስለሚደርቅ የክንፉን ጫፍ በላስቲክ ሸፍኑት፣ ሰውነቱን ክፍት ተዉት።

መንቁሩን ከጭቃ አትሥሩት፣ ይሰበራል። ለቀጭን የናስ ሽቦ የሚሆን ቀዳዳ ብቻ ተዉለት፣ መኮማተሩን አስባችሁ ትንሽ ሰፋ አድርጉት።

የመጀመሪያው ተኩስ ወደ 1,000 ዲግሪ ነው። ከዚያ ግሌዝ (ሲተኮስ ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሆን ሽፋን) ቀብታችሁ ጭቃው በሚፈልገው ሙቀት ትተኩሱታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከ1,220 በላይ ነው። እዚህ ሙቀት ላይ ፖርሴሊን ይለሰልሳል፣ የተዘረጋ ክንፍም ይወርዳል። ስለዚህ ከዚያው ጭቃ ድጋፍ ሠርታችሁ አብራችሁ አስገቡ፤ አብሮት ስለሚኮማተር ክንፉን አይጎትተውም። የሚነካካበት ቦታ ግሌዝ አይኑረው፣ እንዳይጣበቅም የአሉሚና ዱቄት ነስንሱበት።

ጉሮሮዋስ? በአንዳንድ ዝርያዎች ጉሮሮ ላይ የሚታየው ያ የሚያብለጨልጭ ቀይ የቀለም ጉዳይ አይደለም፤ የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃን ሲያንጸባርቅ የሚፈጥረው ነው፣ ለዚህም ነው ዞር ስትል ድንገት የሚጠቁረው። ቀይ ቀለም ከቀባችሁት የሞተ ይመስላል። ጠቆር ያለ ግሌዝ ላይ ላስተር የሚባለውን፣ ሲተኮስ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ቅብ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ለሦስተኛ ጊዜ ዝቅ ባለ ሙቀት ተኩሱት። ጭሱ ጎጂ ነው፣ ስትቀቡም ስትተኩሱም ክፍሉ በደንብ አየር ያግኝ። የመንቁሩን ሽቦ ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ የምትለጥፉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ኢፖክሲ እሳት አይችልም።