የእንግዳን ጥያቄ ውድቅ አድርጎ ዋጋ መጨመር፦ አከራዮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ቤታችሁን በኤርቢኤንቢ (Airbnb)፣ ማለትም በኢንተርኔት ቤት ለእንግዳ በሚከራይበት መድረክ፣ ታከራያላችሁ እንበል። የየካቲቱ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሳምንት በአዘቦቱ ዋጋ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። እንግዳ ቤቱን ለመያዝ ጠየቀ። «ውይ፣ ለካ ዋጋ አልጨመርኩም!» ብላችሁ ጥያቄውን ውድቅ ታደርጉና ወዲያው ዋጋውን ትሰቅላላችሁ። እባካችሁ ይቅርባችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ዋጋን ጥያቄ ከመጣ በኋላ ማሰብ ነው። ጉባኤውም ሆነ ጥምቀት ድንገት አይመጣም። ካላንደሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን ለብቻ ዋጋ መስጠት ይቻላል። ያልወሰናችሁበትን ቀን ዝጉት።

ሁለተኛው፣ የባሰው፣ «ቀኑ ተይዟል» ብሎ መዋሸት ነው። እንግዳው ገጹን መልሶ ሲከፍት ያንኑ ቀን በአዲስ ዋጋ ቢያገኘውስ ምን ይበል? አንዳንዱ ስግብግብነት ነው ብሎ ያልፋል፣ ሌላው ግን «በስሜ ነው ወይስ በመልኬ?» ብሎ ያድራል፣ ደግሞም አይፈረድበትም። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ባደረጉት ጥናት የጥቁር አሜሪካዊ ስም ያላቸው ጠያቂዎች የነጭ ስም ካላቸው 16 በመቶ ያህል ባነሰ ሁኔታ ተቀባይነት ያገኙ ነበር። እዚያ የሚኖሩ የኛ ሰዎችም ቤት ሲጠይቁ ይህን ጥርጣሬ ይዘው ነው። ኤርቢኤንቢ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ አከራይ «ቤቱ ክፍት አይደለም» ብሎ ከመለሰ ቀኖቹ ለሌላውም ጠያቂ እንዲዘጉ ወስኗል። ስለዚህ ውሸቱ ገቢም ያሳጣል።

ሌላው ጥያቄውን ተቀብሎ ሲያበቃ በዋትስአፕ «ትንሽ ጨምሩልኝ» ማለት ነው። ከመድረኩ ውጭ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ክልክል ነው። እንግዳው እንቢ ሲል ልሰርዝ ብትሉም ቅጣት አለው፤ ከነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት ከሰረዘ ከ50 ዶላር የማያንስ ይቆረጥበታል፣ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ዝም ማለትም መፍትሔ አይደለም። ለጥያቄው መልስ እንድትሰጡ የተፈቀደላችሁ 24 ሰዓት እስኪያልቅ እንግዳው ሌላ ቤት ያመልጠዋል።

ዋጋው ዝቅ ያለው በእናንተ ቸልተኝነት ከሆነ ተቀበሉት፣ የቀሩትን ቀኖች አስተካክሉ። አንድ ዜሮ ተዘሎ ከሆነ ግን እውነቱን በዚያው ሰዓት ጻፉለት፦ «ዋጋውን ስንሞላ ተሳስተናል፣ ትክክለኛው ይህ ነው፣ ካልተስማማዎት እንረዳለን።»